ከመከራ በፊት ምክር፦ የጤና ሠራተኞችን በሱስ ልየታና በአጭር ምክር የማሠልጠን ታሪክ

መግቢያ

«ምከረው፣ ምከረው፤ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው አባባል በአገራችን ዘወትር ይነገራል። አባባሉ ለመካሪው ዕረፍት ይሰጠዋል፤ ድርሻዬን ተወጥቻለሁ ብሎ ዞር እንዲል ይፈቅድለታል። ተመካሪውን ግን ለመከራ አሳልፎ ይሰጠዋል። በመጠጥ፣ በትምባሆ፣ በጫትና በመሳሰሉት ሱስ አስያዥ ነገሮች የሚጎዱ ሰዎችን በሚመለከት ሕክምናው ራሱ ለረጅም ዘመን የተመራው በዚሁ አባባል መንፈስ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚጠጣ ሰው ከሐኪም ፊት ስለ መጠጡ የሚቀርበው ጉበቱ ከታመመ፣ ሥራው ከጠፋ፣ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ፣ ማለትም መከራው ቀድሞ ከመከረው በኋላ ነበር።

ባለፉት ስድሳ ዓመታት ይህን ልማድ ለመለወጥ የታሰበ አንድ የአሠራር ዘዴ ቀስ በቀስ ተገንብቷል። ዘዴው ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ልየታ ነው፤ ይኸውም በማናቸውም ሕመም ምክንያት ወደ ጤና ድርጅት የመጣን ሰው በጥቂት የተፈተኑ ጥያቄዎች ጠይቆ፣ የመጠጡ ወይም የሌላው ነገር አጠቃቀሙ ለጉዳት የሚያጋልጠው መሆኑንና አለመሆኑን መለየት ነው። ሁለተኛው አጭር ምክር ነው፤ ይኸውም በልየታው ውጤት ላይ ተመሥርቶ፣ ከአምስት ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት በሚሆን ጊዜ ውስጥ፣ ሰውዬው ስለ ራሱ ልማድ እንዲያስብና የሚቻለውን ለውጥ እንዲመርጥ የሚያግዝ ውይይት ነው። ሥራውን እንዲሠሩ የታሰቡትም የአእምሮ ሐኪሞች ሳይሆኑ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል በየዕለቱ ሕዝብ የሚያዩት ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ጠቅላላ ሐኪሞች ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለም። ነገሩን በትምህርት መጽሔት ላይ ማቅረብ ያስፈለገውም የዚህ ዘዴ ታሪክ በአብዛኛው የማስተማር ታሪክ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው። ጥያቄዎቹን መጻፍ ተችሏል፤ ምክሩ እንደሚጠቅምም ታይቷል። አስቸጋሪ ሆኖ የቆየው ጤና ሠራተኛው ጥያቄውን በአግባቡ እንዲጠይቅና መልሱን እንዲያዳምጥ ማስተማሩ ነው። ይህ ችግር የየትኛውም ሙያ አሠልጣኝ የሚያውቀው ነውና ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠው ትምህርት ይኖራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. የሐኪሙ ድምፅ

በ1950ዎቹ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በሚገኘው በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ብዙ ጠጪዎች ይመጡ ነበር። ቁስላቸው ታክሞ፣ ሕመማቸው ታይቶ ወደ መጠጥ ክሊኒክ እንዲሄዱ ይነገራቸዋል፤ እነርሱ ግን አይሄዱም። የሕክምናው ሠራተኞችም ይህን አይተው «ሰካራም መዳን አይፈልግም» ወደሚል ድምዳሜ ደርሰው ነበር። ዶክተር ሞሪስ ቻፌትዝና ባልደረቦቻቸው ድምዳሜውን በሙከራ ፈተኑት። ታካሚዎቹን በሁለት ቡድን ከፍለው፣ አንዱ ቡድን በተለመደው መንገድ እንዲስተናገድ፣ ሌላው ደግሞ በድንገተኛ ክፍል ሳለ በአክብሮት የሚያነጋግረውና ጉዳዩን የሚከታተልለት ሰው እንዲመደብለት አደረጉ። በ1962 የወጣው ውጤት አስገራሚ ነበር። በተለመደው መንገድ ከተስተናገዱት ውስጥ ወደ ክሊኒኩ የሄዱት ከመቶ 5 ብቻ ሲሆኑ፣ በአክብሮት ከተያዙት ውስጥ ግን ከመቶ 65 ሄዱ። ሰካራሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አቀባበሉ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው በ1967 የታተመው ተከታይ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በዚያው ክፍል ይሠሩ የነበሩ ዘጠኝ ሐኪሞች ከጠጪዎች ጋር ስላላቸው የሥራ ልምድ ሲናገሩ ድምፃቸውን ቀዱ። ከዚያም ሐኪሞቹን የማያውቁ አድማጮች በየድምፁ ውስጥ ምን ያህል ቁጣ እንደሚሰማ እንዲገምቱ ተደረገ። ድምፃቸው ቁጣ የበዛበት ሐኪሞች ታካሚዎቻቸውን ወደ ክሊኒኩ በመላክ ረገድ ያነሰ ውጤት ያገኙት ሆነው ተገኙ። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ድምፁ ሥራውን ሊያፈርሰው ይችላል ማለት ነው። የጥናቱ መጠን አነስተኛ ቢሆንም፣ ኋላ ለመጣው ሥልጠና ሁሉ መሠረታዊ የሆነውን ጥያቄ አስቀምጧል፦ የሰውን ድምፅ በምን ትምህርት ማረቅ ይቻላል?

2. የአጭር ምክር ኃይል መታወቅ

በ1970ዎቹ በለንደን ከተማ ሁለት ጥናቶች ተካሄዱ። የመጀመሪያው በግሪፊት ኤድዋርድስና በጂም ኦርፎርድ የተመራው ሲሆን ውጤቱ በ1977 ታትሟል። በመጠጥ ሱስ የተያዙ 100 ባለትዳር ወንዶች ከተመረመሩ በኋላ፣ ግማሾቹ በወቅቱ የሚሰጠውን ሙሉ ሕክምና ለወራት እንዲያገኙ ሲደረግ፣ ሌሎቹ ግማሾች ከባለቤቶቻቸው ጋር ተቀምጠው አንድ ጊዜ ብቻ ጥሩ ምክር እንዲሰጣቸው ተደረገ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ይህ ውጤት ብዙ ክርክር አስነሣ። አንዳንዶች ሕክምና ከንቱ ነው የሚል ትርጉም ሰጡት፤ ሌሎች ደግሞ አንድ ጊዜ በአግባቡ የተሰጠ ምክር ከታሰበው በላይ ኃይል አለው ብለው ተረጎሙት። ታሪኩ በኋላ የተከተለው ሁለተኛውን ትርጉም ነው።

ሁለተኛው የማይክል ራስልና የባልደረቦቻቸው ጥናት ሲሆን በ1979 ታተመ። በአምስት የጠቅላላ ሕክምና ጣቢያዎች የሚሠሩ 28 ሐኪሞች ከ2,100 በላይ የሆኑ አጫሾችን አነጋገሩ። ምንም ካልተደረገላቸው አጫሾች ውስጥ ማጨስ ትተው ለአንድ ዓመት የዘለቁት ከመቶ 0.3 ሲሆኑ፣ ሐኪሙ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ «ይተዉት» ብሎ መክሮ፣ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ሰጥቶ፣ ተመልሶም እንደሚከታተላቸው ከነገራቸው ውስጥ ግን 5.1 ከመቶ ተዉ። አምስት ከመቶ በአንድ ሐኪም ዓይን ሲታይ ኢምንት ይመስላል። ዕቅድ አውጪ ሲያየው ግን ሌላ ነው፤ በአንድ አገር ያሉ ሐኪሞች ሁሉ ይህን ቢያደርጉ ከየትኛውም ልዩ ክሊኒክ የበለጠ ሕዝብ ይድናል። የአጭር ምክር ምሥጢር በዚህ ይገኛል፤ ኃይሉ በጥልቀቱ ሳይሆን በስፋቱ ነው።

በ1983 ደግሞ በስዊድን አገር በማልሞ ከተማ የተካሄደ ጥናት ይፋ ሆነ። በደም ምርመራ የጉበት ምልክታቸው ከፍ ብሎ የተገኙ ጎልማሳ ወንዶች በየጊዜው ነርስና ሐኪም እያነጋገሩ የምርመራ ውጤታቸውን እንዲያውቁት ሲደረግ፣ በሆስፒታል ተኝተው ያሳለፉት ቀን ካልተነጋገሩት ያነሰ ሆነ። የገዛ ሰውነትን ሁኔታ አይቶ ማወቅ ከማስፈራራት ይልቅ እንደሚሠራ ይህ ጥናት አሳየ።

3. ጥያቄዎቹ እንዴት ተጻፉ

ምክሩ ለማን እንደሚሰጥ ለማወቅ መለያ ያስፈልጋል። በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ዶክተር ጆን ዩዊንግ በ1960ዎቹ መጨረሻ አራት ጥያቄዎችን አዘጋጁ። መጠጥ መቀነስ ይገባኛል ብለው አስበው ያውቃሉ? ሰው ስለ መጠጥዎ ሲተች ተናደው ያውቃሉ? በመጠጥዎ ጸጸት ተሰምቶዎት ያውቃል? ጠዋት እንደ ተነሡ ለመረጋጋት ጠጥተው ያውቃሉ? የጥያቄዎቹ ጥቅም በአንድ ደቂቃ ማለቃቸው ነው። ጉድለታቸው ደግሞ ቀድሞ የተጎዳውን ሰው እንጂ ወደ ጉዳት በመሄድ ላይ ያለውን በሚገባ አለመያዛቸው ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የዓለም የጤና ድርጅት በ1982 አንድ የብዙ አገሮች ጥናት ጀመረ። በአውስትራሊያ፣ በቡልጋሪያ፣ በኬንያ፣ በሜክሲኮ፣ በኖርዌይና በአሜሪካ ወደ ጤና ድርጅቶች ከመጡ 2,000 ገደማ ሰዎች በተሰበሰበ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ምኅጻር «ኦዲት» የሚባለው አሥር ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ተዘጋጀ። የመጀመሪያው መመሪያ በ1989፣ ዋናው ሳይንሳዊ ዘገባ በ1993 ወጣ። ከአሥሩ ጥያቄዎች ሦስቱ ስለሚጠጣው መጠን፣ ሦስቱ ስለ ሱስ ምልክቶች፣ አራቱ ስለ ደረሰ ጉዳት ይጠይቃሉ። ድምሩ ከ0 እስከ 40 ሲሆን፣ 8 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ምክር ያስፈልገዋል፤ 20 እና ከዚያ በላይ ያገኘው ደግሞ ለበለጠ ምርመራ ይላካል። መጠይቁ ካደጉት አገሮች ብቻ ሳይሆን ከጎረቤታችን ከኬንያም በተገኘ ማስረጃ መሠራቱ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ በስምንት አገሮች፣ ኬንያና ዚምባብዌም በተገኙበት፣ ምክሩ ራሱ ተፈተነ። በ1996 በታተመው ውጤት መሠረት ምክር ያገኙ ወንዶች በየቀኑ የሚጠጡት መጠን ካላገኙት በ17 ከመቶ ያነሰ ሆነ። የአምስት ደቂቃው ምክርም ከሃያ ደቂቃው ያላነሰ ውጤት አስገኘ። በሴቶች በኩል ምክር ያገኙትም ያላገኙትም በመቀነሳቸው ልዩነቱ ጎልቶ አልታየም።

መጠጥን ብቻ ሳይሆን ትምባሆን፣ ሐሺሽንና ሌሎችን ነገሮች አንድ ላይ የሚያይ መጠይቅ ለማዘጋጀት ደግሞ የድርጅቱ ተመራማሪዎች በ1997 ሥራ ጀመሩ። «አሲስት» የተባለው ይህ ባለ ስምንት ጥያቄ መጠይቅ ከምክር መመሪያው ጋር በ2010 ታትሞ ወጣ።

4. ሥልጠናው ለምን አልያዘም?

እስከዚህ ድረስ የተተረከው የስኬት ታሪክ ይመስላል። መጠይቁ አለ፤ ምክሩም ይሠራል። የቀረው መመሪያውን አባዝቶ ጤና ሠራተኞችን ሰብስቦ ማስረዳት ብቻ መስሎ ነበር። በዚህ መሠረት በ1990ዎቹ በብዙ አገሮች የሁለትና የሦስት ቀን ዓውደ ጥናቶች ተካሄዱ። ውጤቱ ግን እንደታሰበው አልሆነም። አብዛኞቹ ሠልጣኞች ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ወይ ጨርሶ አልጠየቁም፣ ወይም ጠይቀው ወደ ቀድሞው ግሣጼ ተመለሱ።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት ወደ 1982 መመለስ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዊልያም ሚለር በዚያ ዓመት በኖርዌይ በበርገን ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ ክሊኒክ እንግዳ ሆነው ተቀምጠው ነበር። የክሊኒኩ ወጣት ባለሙያዎች ምሁሩን ንግግር እንዲያደርጉላቸው ከመጠየቅ ይልቅ አንድ ሌላ ነገር አደረጉ። እነርሱ እንደ ታካሚ ሆነው ሲቀርቡ፣ እርሳቸው እንዲያነጋግሯቸው ጠየቁ፤ በየመሐሉም እያስቆሙ «አሁን ይህን ለምን ጠየቁ? ያንን ለምን ተዉት?» ይሏቸው ጀመር። ሚለር በኋላ እንደተናገሩት፣ ሳያውቁት የሚሠሩበትን ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ በቃል እንዲያስቀምጡ ያስገደዷቸው እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው። ከዚህም የተነሣ በ1983 የታተመው ጽሑፋቸው አዲስ የውይይት ስልት አስተዋወቀ። የስልቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ሰው ለመለወጥም ላለመለወጥም የሚያበቃ ምክንያት በልቡ ይዟል፤ መካሪው የለውጥን ምክንያት ከተናገረ ተመካሪው ያለመለወጥን ምክንያት ለመናገር ይገደዳል፤ ስለዚህ የለውጡ ቃል ከተመካሪው አፍ እንዲወጣ ማድረግ ይሻላል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሚለርና ባልደረባቸው ውጤት ያስገኙ አጫጭር ምክሮችን መርምረው ስድስት የጋራ ነገሮች እንዳሏቸው ገለጡ። እነዚህም፦ የሰውዬውን ውጤት ለራሱ ማሳየት፤ ኃላፊነቱ የእርሱ መሆኑን ማስታወቅ፤ ግልጽ ምክር መስጠት፤ ከአንድ በላይ አማራጭ ማቅረብ፤ በርኅራኄ ማዳመጥ፤ እንደሚችል ማመን ናቸው። እነዚህን ስድስት ነጥቦች ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስረዳት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሠልጣኙ ግን ለዓመታት የለመደውን የትእዛዝ አነጋገር በአሥር ደቂቃ አይተወውም።

ሚለር ራሳቸው ሥልጠናቸውን በጥርጣሬ መመልከታቸው ለአሠልጣኝ ሁሉ ምሳሌ ይሆናል። በ2001 በታተመ አነስተኛ ጥናት፣ በአንድ ዓውደ ጥናት የተካፈሉ ባለሙያዎች ስልቱን ተምረናል ብለው መሰከሩ። ሥራቸው በቴፕ ተቀድቶ ሲደመጥ ግን ለውጡ ጥቂት ነበር፤ በተመካሪዎቻቸውም ላይ ልዩነት አላስከተለም። ሠልጣኙ ዐውቄአለሁ ማለቱ ማወቁን አያረጋግጥም ማለት ነው። በ2004 የታተመው ሰፊው ጥናት በዚህ ላይ ተጨማሪ ብርሃን ፈነጠቀ። 140 ባለሙያዎች በዕጣ በአምስት ቡድን ተመደቡ። አንዱ ቡድን በዓውደ ጥናት ብቻ፣ ሁለተኛው ሥራው ተደምጦ ውጤቱ እየተነገረው፣ ሦስተኛው በስልክ እየተመከረ፣ አራተኛው ሁለቱንም እያገኘ ሲሠለጥኑ፣ አምስተኛው በመጽሐፍና በቪዲዮ ብቻውን ተማረ። በዓውደ ጥናት ብቻ የሠለጠኑት ያገኙት ችሎታ ቀስ በቀስ ሲመነምን፣ ከዓውደ ጥናቱ በኋላ የተደመጡትና የተመከሩት ችሎታቸውን ያዙ። ለውጡ እስከ ተመካሪዎቹ አነጋገር ድረስ የዘለቀው ሁለቱንም ድጋፍ ባገኙት ዘንድ ነው።

በሌሎች አገሮች የታየውም ከዚህ አይርቅም። በእንግሊዝ አገር በ1999 በታተመ ጥናት፣ ከሥልጠና በኋላ በስልክ የተደገፉ ሐኪሞች ልየታውን በሥራ ላይ በማዋል ሥልጠናም ድጋፍም ካላገኙት በልጠው ተገኙ። በካታሎኒያ፣ በእንግሊዝ፣ በኔዘርላንድስ፣ በፖላንድና በስዊድን በ120 የጤና ጣቢያዎች ተካሂዶ በ2016 ውጤቱ በወጣው ጥናትም፣ ድጋፍ ያለው ሥልጠናና ለሥራው የሚከፈል ክፍያ እያንዳንዳቸው የሚጠየቁትን ሰዎች ቁጥር ከፍ አድርገዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ ጊዜ ለጤና ሠራተኞች በተዘጋጀ የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ የማስተማሪያውን ሞጁል እንዲገመግም ተጋብዞ ተገኝቶ ነበር። ቀኑ ሁሉ ያለቀው በገለጻ ነው። ከሥልጠናው በፊትና በኋላ የተሰጠው የጽሑፍ ፈተና ከፍተኛ መሻሻል አሳየ። በመጨረሻው ቀን፣ ሰዉ አበሉን እየጠበቀ ሳለ፣ በቀረችው ግማሽ ሰዓት ልምምድ እንዲደረግ ተወሰነ። አንዲት ወጣት ነርስ፣ እንደ ታካሚ ሆነው የተቀመጡትን ጎልማሳ ባልደረባዋን፣ «አባባ፣ ለምን ይጠጣሉ? ጉበትዎን እንደሚጎዳው አያውቁም?» ብላ ጀመረች። በጽሑፍ ፈተናው ከፍተኛ ውጤት ካገኙት አንዷ ነበረች። አሠልጣኙ ጎልማሳውን ምን እንደተሰማቸው ሲጠይቋቸው፣ «ተነሥቼ ወደ ቤቴ መሄድ ነው ያሰኘኝ» አሉ። ነርሷ ሣቀች፤ ከዚያም ሳትታዘዝ እንደገና ሞከረች፦ «አባባ፣ ስለሚጠጡት ነገር ጥቂት ብንጫወት ይፈቅዱልኛል? ደስ የሚያሰኝዎት ምኑ ነው? የሚያስቸግርዎትስ?» ጎልማሳው መናገር ጀመሩ፤ አዳራሹም ጸጥ ብሎ አዳመጠ። በሦስቱ ቀን ውስጥ ትምህርት የተባለው ነገር በእርግጥ የተካሄደው በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ነርሷን በሥራ ቦታዋ ተገኝቶ ያዳመጣት እንደሌለ ለማወቅ ተችሏል።

ከዚህ የምንረዳው አሠልጣኞቹ በሠልጣኞቻቸው ላይ የሚነቅፉትን ስሕተት ራሳቸው መፈጸማቸውን ነው። ጤና ሠራተኛው ታካሚውን «ይህን አድርግ» ብሎ ሳይጠይቅ እንደሚያዘው፣ አሠልጣኙም ሠልጣኙን ሳያዳምጥ ያዘዋል። የማዳመጥ ሙያ በገለጻ ብቻ አይተላለፍም።

5. የማስረጃው ወሰን

ታሪኩን በእውነት ለማቅረብ ዘዴው ያልሠራበትንም መግለጥ ይገባል። በእንግሊዝ አገር በጠቅላላ ሕክምና ጣቢያዎች ተካሂዶ በ2013 በታተመ ጥናት፣ ጠጪዎችን ለይቶ ውጤታቸውን ነግሮ ጽሑፍ መስጠት፣ የአምስት ደቂቃ ምክር መጨመርና የሃያ ደቂቃ ውይይት ማድረግ ጉልህ የውጤት ልዩነት አላሳዩም። ይህ መጠየቁና ውጤትን መንገሩ ራሱ የሥራው ትልቅ ክፍል ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። ከሕገ ወጥ ዕፆች አኳያ ደግሞ ማስረጃው የተለያየ ነው። «አሲስት»ን መሠረት ያደረገው ምክር በአውስትራሊያ፣ በብራዚል፣ በሕንድና በአሜሪካ ተፈትኖ በ2012 በወጣው ዘገባ በጠቅላላው ጥቅም ቢያሳይም በአሜሪካው ቦታ አልታየም። በቦስተን ተካሂዶ በ2014 የታተመው ጥናትም 528 ሰዎችን አካትቶ፣ አጭር ምክር የዕፅ አጠቃቀምን እንዳልቀነሰ አስታወቀ። ስለሆነም አጭር ምክር ለመጠጥና ለትምባሆ የተመሰከረለት ሲሆን፣ ለሌሎቹ ግን ለሙሉ ሕክምና ምትክ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። በጽኑ ሱስ የተያዘን ሰው ለይቶ የሚላክበት ቦታ ማጣትም ራሱን የቻለ በደል ነው።

6. በአገራችን በኩል

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። በቡታጅራ ከ10,000 በላይ ጎልማሶችን ያካተተውና በ1999 የታተመው ጥናት ከተጠያቂዎቹ ግማሽ ያህሉ በወቅቱ ጫት ይቅሙ እንደነበር አሳይቷል። በዚያው ቦታ የመጠጥን ችግር ለመለካት ያገለገሉትም የዩዊንግ አራት ጥያቄዎች ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2008 የአእምሮ ጤና ክፍተትን ለማጥበብ የጀመረው ፕሮግራም የመጠጥና የዕፅ ችግሮችን ጭምር በመደበኛ ጤና ሠራተኞች ለማከም መመሪያ ሲያወጣ፣ ኢትዮጵያ ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ነበረች። ከ2011 ጀምሮም በአምስት አገሮች በተካሄደ የምርምር ፕሮግራም፣ በሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያዎች የመጠጥ ችግርን ጨምሮ የአእምሮ ሕመሞችን የማከም ሥራ ተሞክሯል። በሕግ በኩል በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥና ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ሕጉ በሻጩ በኩል ሲሠራ፣ ምክሩ በጠጪው በኩል ይሠራል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ይሁን እንጂ መጠይቁን ተርጉሞ ማደል ሥራውን አይፈጽመውም። «ኦዲት» የመጠጥን መጠን የሚጠይቀው 10 ግራም ንጹሕ አልኮል በያዘ መለኪያ ነው። በእኛ አገር ግን ጠላ በጣሳ፣ ጠጅ በብርሌ፣ አረቄ በመለኪያ ይጠጣል፤ የአንዱ ቤት ጠላም ከሌላው ቤት ጠላ በኃይል ይለያያል። ጫት ደግሞ በዙርባ ይገዛል፤ «አሲስት» በዘረዘራቸው ነገሮች ውስጥም ራሱን የቻለ ተራ የለውም። ታካሚው ዕድሜው የገፋ፣ ጠያቂዋ ወጣት በምትሆንበት ጊዜ የአክብሮቱ ቃል ራሱ ጥያቄ ይሆናል። ጠላ ለመተዳደሪያዋ የምትጠምቅ እናትን ስለ መጠጥ መጠየቅም ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። እነዚህ ሁሉ በመመሪያ ሳይሆን በልምምድ የሚፈቱ ናቸው።

ተደምጦ መታረምም ለእኛ ባዕድ የሆነ የትምህርት ስልት አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቀን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል፤ ማግሥቱን ተመልሶ ይቀርባል። ማንም ስለ ቅኔ የሦስት ቀን ገለጻ ሰምቶ ባለ ቅኔ አልሆነም። በ1954 በተቋቋመው በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት ማሠልጠን፣ በቡድንም ወደ ጤና ጣቢያዎች አሰማርቶ በሥራ ላይ ማስተማር የቆየ ልማድ ነው። የሱስ ልየታና ምክር ሥልጠናም በዚህ መንገድ ቢመራ ከነባሩ የትምህርት ልምዳችን ጋር ይስማማል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ በመነሣት ለዕቅድ አውጪዎችና ለአሠልጣኞች የሚከተሉት ነጥቦች ይቀርባሉ።

ሀ) የሥልጠናው ጊዜ አብዛኛው ክፍል ለገለጻ ሳይሆን ለልምምድ ይመደብ፤ ልምምዱም በመጨረሻው ሰዓት ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር።

ለ) በሥልጠና በጀት ውስጥ ከአዳራሽና ከአበል ሌላ፣ ሠልጣኙን በሥራ ቦታው ተገኝቶ የሚያዳምጥና የሚያርም ሰው ወጪ ይካተት። ለዚህ በቂ ገንዘብ ከሌለ፣ ብዙ ሰው ሰብስቦ ከመበተን ጥቂቶችን አሠልጥኖ መከታተል ይመረጣል።

ሐ) የሥልጠና ውጤት በጽሑፍ ፈተና ብቻ አይለካ፤ ሠልጣኙ ሲጠይቅ በማዳመጥ ይለካ።

መ) መጠይቆቹ ከመታደላቸው በፊት የአገሩ መጠጥ፣ መለኪያና የአክብሮት አነጋገር ይጠናባቸው፤ ጽኑ ሕመምተኛ የሚላክበት ቦታም አስቀድሞ ይታወቅ።

ሠ) የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ከዚህ ይማሩ። መምህሩ በክፍሉ ውስጥ የሚያንቀላፋውን፣ ከትምህርት የሚቀረውን ተማሪ ከሌላው ሰው በፊት ያያል። መምህሩ የሕክምና ሥራ እንዲሠራ አይጠበቅበትም፤ ሳይቆጡ መጠየቅንና ወደሚረዳው ሰው መምራትን ግን መልመድ ይችላል።

በቦስተን የድንገተኛ ክፍል የተገኘው ነገር፣ ሰው ምክርን እምቢ ይላል የሚባለው ብዙ ጊዜ ምክሩ የቀረበበትን ድምፅ እምቢ ሲል እንደሆነ ነው። «እንቢ ካለ» ብለን ተመካሪውን ለመከራ ከማሳለፋችን በፊት፣ መካሪው እንዴት እንደመከረ፣ እርሱንም ማን እንዳስተማረውና ማን እንዳዳመጠው መጠየቅ ይገባናል። ጥያቄው ለሐኪም ብቻ የሚተው አይደለም፤ ማስተማርን ሥራችን ያደረግን ሁሉ ልንመልሰው የሚገባ ነው።